«የቅርብ ኃላፊ» በጥያቄ ውስጥ፤ ስለ አንድ የሰዋስው ስያሜ የቀረበ ሂስ

በእንግሊዝኛ «ፕረዘንት ፐርፌክት» የሚባለውን የግሥ ጊዜ በአማርኛ «የቅርብ ኃላፊ» ብሎ ማስተማር የተለመደ ሆኖአል። ስያሜው አጭርና ለአፍ የሚመች መሆኑን አንክድም። ይሁን እንጂ በተራ ዐረፍተ ነገር እምብዛም የማይታወቅ ጉድለቱ በጥያቄ ላይ ገሃድ ይወጣል።

ከጅማ አንድ ምሳሌ እንውሰድ። የጤና ሙያ ትምህርት የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ነው፤ ሕመምተኛው የሚጠየቀው ግን በአማርኛ ወይም በኦሮምኛ ነው። «ሀቭ ዩ ኤቨር ሀድ ማሌሪያ?» የሚለውን መጠይቅ ባለሙያው በተማረው ስያሜ መሠረት ቢተረጉመው «ወባ ይዞዎታል?» ይላል። የሰቶ ሰመሮ ነዋሪ ይህን ሲሰማ የሚገባው «አሁን ታመዋል ወይ?» የሚለው ነው። ስለዚህ «አልያዘኝም» ብሎ ይመልሳል፤ ከ10 ዓመት በፊት በጊቤ ሸለቆ ያንዘፈዘፈው ወባ ሳይመዘገብ ይቀራል። ሁለቱም እውነት ተናግረዋል፤ የተሳሳተው መዝገቡ ነው።

የእንግሊዝኛው ጥያቄ ትክክለኛ አቻ «ወባ ይዞዎት ያውቃል?» ነው። እዚህ ላይ «ያውቃል» የዕውቀት ትርጉሙን ፈጽሞ ለቋል፤ ወባ ምን ያውቃል! ግሡ የሚያገለግለው ነገሩ በሰውየው ዕድሜ አንድ ጊዜ እንኳ መድረሱን ለመጠየቅ ነው። ኦሮምኛም በዚሁ መንገድ ይሄዳል፤ «ቡሳን ኢሲን ቀቤ ቤካ?» ሲል «ቤካ» የማወቅ ግሥ ነው። ከ1986 ዓ.ም. የትምህርት ፖሊሲ ወዲህ በአፍ መፍቻው የተማረ የጅማ ልጅ እንግዲህ ይህን አሳብ ከቤቱ ይዞት ይመጣል። እኛ ግን «ቅርብ» የሚል ቃል ጣልቃ አግብተን የሚያውቀውን እናስረሳዋለን።

ቅርበት መለኪያ አለመሆኑን ሌላም ነገር ያስረዳል። በአማርኛ «ትናንት መጥቷል» ቢባል ነውር የለበትም፤ እንግሊዝኛ ግን ትናንት የሚል ቃል ካለ ይህን የግሥ ጊዜ አይቀበልም፣ የቱንም ያህል ቅርብ ቢሆን። በአንጻሩ የአጋሮ ገበሬ ጎረቤቱን «ቡናው ደረሰ?» ብሎ በተራው ኃላፊ ሲጠይቅ፣ የብሪታንያ እንግሊዝኛ የሚመርጠው ፕረዘንት ፐርፌክትን ነው። አሜሪካኖች በዚህ ስፍራ ተራውን ኃላፊ መጠቀማቸው ደግሞ ጉዳዩ ለእንግሊዝኛ ተናጋሪዎችም ወጥ አለመሆኑን ያሳያል። አሉታው ሲመጣ ነገሩ ይብሳል፤ የ«ደረሰ»ም የ«ደርሷል»ም አፍራሽ ያው «አልደረሰም» ነውና ልዩነቱን የሚሸከመው «ገና» ወይም «እስካሁን» የሚለው ቃል ብቻ ይሆናል።

ቮልፍ ሌስላው በ1973 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት የእንግሊዝኛ-አማርኛ መዝገበ ቃላት ቃላትን በዐረፍተ ነገር እያስገባ የሚያሳይ ነው። ለትምህርት ቤት በሚዘጋጁ መዝገበ ቃላትም ይኸው ልማድ ቢጸና፣ «ኤቨር» በሚለው ቃል ሥር የ«ማወቅ» አገባብ ከነምሳሌው ቢገባ እንወዳለን። ስያሜውን በሚመለከት «የቅርብ ኃላፊ» ለአማርኛው «ደርሷል» ይቆይ፤ ለእንግሊዝኛው ግን «አሁን-ዘለቅ ኃላፊ» የሚለውን ለውይይት እናቀርባለን። ድርጊቱ የቱንም ያህል ይራቅ፣ ጥያቄው የሚሸፍነው ዘመን እስከ አሁን የሚዘልቅ ነውና። ለጆሮ ሻካራ ነው የሚሉ አንባብያን የተሻለውን ይላኩልን፤ «ቅርብ» የሚለው ቃል እንዳይመለስ ብቻ አደራ እንላለን።