ሳቁ የሸፈነው ጥበብ

አለቃ ገብረ ሃና ሲባል ከንፈራችን ለሳቅ ይሰናዳል። በስማቸው የታተሙትን የቀልድ መድበሎች ባነበብኩ ቁጥር ግን አንድ ነገር ይከነክነኛል። መድበሎቹ ሰውየውን ያስታወሱልን መስለው ዋናውን ሥራቸውን ሸፍነውብናል።

የፎገራው ሊቅ ባለቅኔ፣ የፍትሐ ነገሥት መምህርና የአቋቋም ባለሙያ ነበሩ። በ19ኛው መቶ ዘመን በጣና ደሴት ሳሉ፣ የማዕበሉንና የደንገሉን ውዝዋዜ ተመልክተው አዲስ የአቋቋም ስልት እንደ ፈጠሩ ይተረካል። የመቋሚያው ዝማሜ፣ የጸናጽሉ ድምፅ፣ የከበሮው ምትና የካህናቱ እርምጃ ለአንድ ሐሳብ እንዲታዘዙ ማድረግ፣ የማስታወቂያ ድርጅቶቻችን ዛሬ «ክሪኤቲቭ ዳይሬክተር» ከሚሉት ሰው ሥራ በምን ይለያል?

የጎንደር መምህራን ስልቱን አንቀበልም አሉ ይባላል። አለቃም ለልጃቸው ለተክሌ አስተማሩት፤ ልጁም ደብረ ታቦር ላይ አስፋፋው። ዛሬ የሚጠራው «የተክሌ አቋቋም» ተብሎ ነው፤ በአባት ሳይሆን በልጅ ስም።

እንደ እኔ እምነት የፈጠራ መሪ የሙያው ልክ የሚታወቀው እዚህ ላይ ነው። ከአንድ ሙያ ወደ ሌላው መሸጋገር ኑሮን ያጣፍጥ ይሆናል፤ ሥራን የሚያቆየው ግን ተረካቢን ማፍራት ነው። አለቃ ስማቸውን ለቀልድ፣ ጥበባቸውን ለልጃቸው ትተው አለፉ። ካህናቱ ዛሬም በተክሌ ስልት ያሸበሽባሉ።

የመድበል አዘጋጆቻችን በሚቀጥለው እትም ለአቋቋሙም አንድ ምዕራፍ ቢሰጡት ምን አለበት? ሳቁንማ ጠግበነዋል።