ቁጥር አትለምኑ

አነስተኛ የሌዘር መቅረጫ ማሽን ገዝቶ ቤቱ ያስገባ ሰው፣ ገና ገጣጥሞ ሳይጨርስ የሚያነሳት ጥያቄ አለች፦ «ለዋንዛ ፓወሩን ስንት፣ ስፒዱንስ ስንት ላድርገው?» መላሽ አይጠፋም። አንዱ «60 በመቶ፣ 3000» ይላል፤ ሌላው «የለም፣ 80 እና 4000 ነው» ብሎ ይከራከረዋል። ጠያቂው ከሁለቱ አንዱን መርጦ ይሄድና ለሙሽሮች የታዘዘውን የስም ሰሌዳ ከሰል አድርጎት ያርፋል። በዚህ ጉዳይ አቋሜ ግትር ነው። ከሰው ማሽን የመጣ ቁጥር ጀማሪን አያስተምረውም፤ ያዘገየዋል። ሊቀረጽበት ከታሰበው ከዚያው ጣውላ ቁራጭ ተወስዶ፣ ፓወሩና ስፒዱ ደረጃ በደረጃ እየተቀያየሩ ትናንሽ አራት ማዕዘኖች ሳይቃጠሉበት ወደ ሥራ መግባት የለም። እንጀራ ጋጋሪ ምጣዷን ለዓመታት ብታውቀውም ማሟሻ ሳትጋግር ሊጡን አታፈስም።

ሲጀመር «60 በመቶ» ሲባል የምኑ 60 በመቶ? በየቤቱ የገቡት አብዛኞቹ ትናንሽ ማሽኖች የሞገድ ርዝመቱ ከ445 እስከ 455 ናኖሜትር የሚደርስ ሰማያዊ ብርሃን የሚያወጡ ዲዮዶች ናቸው። ሻጩ ካርቶኑ ላይ በትልቁ «40 ዋት» ብሎ የሚጽፈው አንዳንዴ ማሽኑ ከሶኬት የሚስበውን ኤሌክትሪክ ነው፤ በሌንሱ በኩል የሚወጣው ብርሃን 5 ዋት ብቻ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የአንዱ 60 በመቶ የሌላውን ሩብ ላያክል ይችላል። ሞዴላቸው አንድ የሆነ ሁለት ማሽኖች እንኳ ሌንሳቸው ላይ የተጋገረው ጭስ፣ የዲዮዳቸው ዕድሜ፣ የፎከሳቸው ከፍታ ይለያያል። ቁጥሩን የሰጠው ሰው የካርቦን ዳይኦክሳይድ ሌዘር ባለቤት ከሆነማ ነገሩ ጭራሽ አይገናኝም፤ የእሱ ጨረር 10.6 ማይክሮሜትር ስለሆነ ግልጽ አክሪሊክን ይቆርጣል፣ ሰማያዊው ዲዮድ ግን 100 በመቶ ቢለቁትም ያንኑ አክሪሊክ አልፎት ይሄዳል።

«እሺ፣ የብርሃኑን ዋት አውቃለሁ፤ ከዚያ በኋላ ሒሳብ አይደለም ወይ?» የሚል ይኖራል። ሒሳቡን እንሥራው። 10 ዋት ብርሃን የሚያወጣ ማሽን በሙሉ ፓወር በደቂቃ 6000 ሚሊሜትር፣ ማለትም በሰከንድ 100 ሚሊሜትር ቢሄድ፣ ለእያንዳንዱ ሚሊሜትር 0.1 ጁል ያደርሳል። ፓወሩን 50 በመቶ፣ ስፒዱን 3000 ብናደርገውም መልሱ ያው 0.1 ጁል ነው። እንጨቱ ላይ የሚታየው ውጤት ግን አንድ አይሆንም፤ ቀርፋፋው ጨረር ለሙቀቱ ወደ ጎን የሚሰራጭበት ጊዜ ስለሚሰጠው ዳር ዳሩን ቡናማ ያደርገዋል፣ ፈጣኑ ደግሞ ጠርዙን ንጹሕ አድርጎ ያልፋል። በዚያ ላይ ጠያቂም መላሽም የሚረሱት ሦስተኛ ቁጥር አለ፦ በመስመርና በመስመር መካከል ያለው ርቀት። 0.1 ሚሊሜትር የነበረውን ወደ 0.05 ያወረደ ሰው ፓወሩንም ስፒዱንም ሳይነካ በእያንዳንዱ ካሬ ሚሊሜትር ላይ የሚያርፈውን ጉልበት በእጥፍ አሳድጎታል። ይህን ሳይናገር «60 እና 3000» ያለ መካሪ፣ ምጥኑን ደብቆ ወጥ እንዴት እንደሚሠራ አስረዳሁ እንደሚል ሰው ነው።

ስፒዱም ቢሆን ስክሪኑ ላይ የተጻፈው አይደለም። ማሽኑ በየሰከንዱ ፍጥነቱን በሰከንድ 500 ሚሊሜትር እየጨመረ የሚሄድ ከሆነ፣ ከቆመበት ተነስቶ በሰከንድ 100 ሚሊሜትር ላይ ለመድረስ 10 ሚሊሜትር መንደርደሪያ ይፈልጋል። ቁልፍ መያዣ ላይ የምትቀረጽ 5 ሚሊሜትር ስፋት ያላት መስቀል ያን ያህል ሜዳ የላትም። ሶፍትዌሩ ላይ ከቅርጹ ውጭ የመንደርደሪያ ቦታ ካልተፈቀደለት፣ መሃሉ ላይ ሲደርስ የታዘዘውን ፍጥነት ግማሽ ብቻ ይዞ ወዲያው ፍሬን መያዝ ይጀምራል። ጂአርቢኤል በተባለው የመቆጣጠሪያ ሶፍትዌር የሚመራ ማሽን ኤም 4 በተባለው ትእዛዝ ሲሠራ ፓወሩን ከፍጥነቱ ጋር አብሮ ይቀንሳል፤ ኤም 3 ላይ ከሆነ ግን ፍጥነቱ ቢወርድም ፓወሩ ስለማይወርድ የመስቀሏ ጫፎች ይጠቁራሉ። እንግዲህ በትልቅ ሰሌዳ ላይ የተሞከረ ቁጥር በራሱ በባለቤቱ ማሽን እንኳ ለትንሿ መስቀል አያገለግልም ማለት ነው።

ስለ እንጨቱ ብዙ ማለት አያስፈልግም፤ አናጢ ሁሉ ያውቀዋል። ወይራ ጠጣርና ቅባታም ነው፣ ዋንዛ ይለዝባል፣ ኮምፔንሳቶ ከሥር ያለው ሙጫ እንደ ፋብሪካው ይለያያል። ከአንድ የዋንዛ ጣውላ እንኳ ነጣ ያለው ዳሩና ቀላ ያለው መሃሉ እኩል አይቃጠሉም። እርጥበትም አለ፦ በክረምት መጋዘን ውስጥ የከረመ ጣውላ ላይ ጨረሩ ከጉልበቱ ከፊሉን ውሃውን ለማትነን ያውለዋል፤ ያው ጣውላ ጥር ላይ በዚያው ቁጥር ሊጠቁር ይችላል።

ከዚህ ሁሉ በላይ የምከራከርበት ግን ፊደላችን ነው። በየሶፍትዌሩ የሚገኘው የሙከራ ሰንጠረዥ አራት ማዕዘን ብቻ ስለሚያቃጥል የሚያሳየው ቀለምን ነው፤ ጥቁረቱን አይቶ «ይህች አማረችኝ» ብሎ የመረጠ ሰው ስም ሲጽፍበት ይደነግጣል። የላቲን ፊደል ሰፋፊ ክፍት ቦታ ስላለው ትንሽ ቢደማም ይነበባል። የእኛ ልዩነቶች ግን ደቃቅ ናቸው። «ሰ» ከ«ሸ»፣ «ነ» ከ«ኘ»፣ «ተ» ከ«ቸ» የሚለዩት አናት ላይ ባለች ትንሽ ጭረት ነው፤ «ቤ»ን ኃምስ ያደረጋት ከእግሯ ሥር ያለችው ቀለበት ናት። ፊደሉ 3 ሚሊሜትር ቁመት ሲኖረው የዚያች ቀለበት ክፍት ውስጥ ሩብ ሚሊሜትር ገደማ ነው። ቃጠሎው በየጎኑ 0.1 ሚሊሜትር ከተስፋፋ ቀለበቷ ተደፍና ነጥብ ትሆናለች፤ ነጥብ የሆነች ቀለበት ደግሞ አንባቢን «ቤ» ነው ወይስ «ቢ» ነው እያሰኘች ታጨቃጭቃለች። ስለዚህ ሰንጠረዡ ላይ ከአራት ማዕዘኖቹ ጎን «ሸ»፣ «ኘ»፣ «ቤ»፣ «ሎ» በ3፣ በ4 እና በ5 ሚሊሜትር ቁመት ይጻፉ እላለሁ። ብዙ ጊዜ ለፊደል የሚስማማው ለዓይን የሚያምረው ጥቁሩ ማዕዘን ሳይሆን ከእሱ ሁለት ደረጃ ፈዘዝ ያለው ነው። ይህን የትኛውም የአምራች ሠንጠረዥ አይነግረንም፤ አምራቹ «ኘ» የምትባል ፊደል መኖሯንም አላሰበ።

የሚቀርብብኝ ተቃውሞ ቀላል አይደለም። እንጨት ውድ ነው፣ ለሙከራ ማባከን ቅንጦት ነው ይባላል። ነገር ግን እያንዳንዳቸው 5 ሚሊሜትር የሆኑ መቶ ማዕዘኖች ክፍተታቸው ተጨምሮ ከ7 በ7 ሴንቲሜትር ብዙም አያልፉም፤ ያውም በጣውላው ጀርባ ወይም ተቆርጦ በሚጣለው ጫፍ ላይ ይሠራሉ። አንድ የተበላሸ ሰሌዳ ከዚህ ይበልጣል። ሁለተኛው ተቃውሞ፣ ልምድ ያለው ሰው ያለ ሙከራ ይሠራል የሚለው ነው። እውነት ነው፣ ይሠራል፤ ጭሱን አይቶ፣ ጨረሩ እንጨቱ ላይ የሚያሰማውን ድምፅ ሰምቶ ይፈርዳል። ያ ዓይንና ጆሮ የመጣው ግን ከሙከራ ቁርጥራጭ እንጂ በስልክ ከተላከ ቁጥር አይደለም። የአምራቹን ሠንጠረዥ ጨርሶ ጣሉት አልልም፤ ሙከራው ከየት እስከ የት ይዘርጋ ለሚለው መነሻ ይሆናል፤ ከዚያ ያለፈ ሥልጣን ግን የለውም።

ሙከራ የማይነካው አንድ አጥር አለ። ፒቪሲ፣ ፒቪሲ ያለበት «ቆዳ መሰል» ፕላስቲክም ጭምር፣ ሲቃጠል ሳንባን የሚጎዳና ማሽኑንም የሚያዝግ ሃይድሮጂን ክሎራይድ ስለሚያወጣ ለሙከራም ቢሆን ማሽኑ ሥር አይገባም። ለ450 ናኖሜትር የተሠራ መነጽር ሳያደርጉ ጨረሩን ማየት፣ ማሽኑን እየሠራ ጥሎ መሄድም እንዲሁ። እዚህ ላይ የሰው ምክር ሳይከራከሩ ይወሰዳል።

ይህ ሥራ የእጅ ጥበብ አይደለም፣ ማሽኑ ነው የሚቀርጸው የሚሉ አሉ። ፋይሉን ከኢንተርኔት፣ ቁጥሩን ከጓደኛ ወስዶ ቁልፍ ለሚጫን ሰው አባባሉ ትክክል ነው። እኔን በሥራው ያቆየኝ ግን ሌላ ነገር ነው፦ አንድን እንጨት በደረጃ አቃጥሎ የቱ ጋ ቡናማ፣ የቱ ጋ ጥቁር፣ የቱ ጋ አመድ እንደሚሆን ማወቅ። ጠራቢው በመሮው ስለ እንጨት የሚያውቀው ነገር አለ፤ እኛም በዚህ ሰንጠረዥ የምናውቀው አለን፣ ጠባብ ቢሆንም። ስለዚህ ጀማሪዎች ሆይ፣ የሙከራ ቁርጥራጩን አትጣሉት። ጀርባው ላይ የእንጨቱን ስም፣ ወሩን፣ የመስመሩን ርቀት፣ የሌንሱን ከፍታ በእርሳስ ጻፉና በስታችሁ ግድግዳው ላይ ስቀሉት።