የካቴኮላሚን መላ ምት፡- ከመጽሔት ገጽ እስከ ምርመራ ክፍል

አሜሪካዊው የአእምሮ ሐኪምና ተመራማሪ ጆሴፍ ሺልድክራውት እ.ኤ.አ. በ1965 «አሜሪካን ጆርናል ኦፍ ሳይካያትሪ» በተሰኘው መጽሔት ላይ ያሳተሙት ጽሑፍ በዘመናዊው የአእምሮ ሕክምና እጅግ ከተጠቀሱ ሥራዎች አንዱ ነው። ፍሬ ሐሳቡ፣ ቢያንስ አንዳንድ የድብርት ሕመሞች በአንጎል ውስጥ የካቴኮላሚኖች፣ በተለይም የኖርኤፒነፍሪን፣ ማነስ የሚታይባቸው ሊሆኑ ይችላሉ፤ ማኒያ ደግሞ በተቃራኒው ከመብዛታቸው ጋር ሊያያዝ ይችላል የሚል ነው። ይህ መላ ምት መልኩን ለውጦ «በአንጎልዎ ውስጥ ያለው ኬሚካል አንሷል» በሚል አጭር አነጋገር ዛሬም ለሕሙማን ስለሚነገር፣ ወደ ምንጩ ተመልሶ መመዘኑ ተገቢ ይሆናል።

የሥራው ጥንካሬ ተበታትነው የነበሩ ግኝቶችን በአንድ ማዕቀፍ ማሰባሰቡ ነው። ለሳንባ ነቀርሳ ሕክምና የተሞከረው ኢፕሮኒያዚድ የአንዳንድ ሕሙማንን ስሜት ሲያነቃቃ ታይቶ ነበር፤ መድኃኒቱ ሞኖአሚን ኦክሲዴዝ የተባለውን ኢንዛይም እንደሚገታም ታውቋል። ኢሚፕራሚን የተለቀቀው ኖርኤፒነፍሪን ወደ ነርቭ ሕዋስ ተመልሶ እንዳይገባ እንደሚከላከል የጁሊየስ አክስልሮድ ቤተ ሙከራ አሳይቷል። ለደም ግፊት ይታዘዝ የነበረው ሬዘርፒን ደግሞ እነዚህን ንጥረ ነገሮች የሚያሟጥጥ ሲሆን፣ በአንዳንድ ተጠቃሚዎች ላይ ድብርት ማስከተሉ ተዘግቧል። ሺልድክራውት እነዚህን አያይዘው በምርምር ሊፈተን የሚችል ጥያቄ አቀረቡ። የሥነ ልቦና ትንተና በአሜሪካ የአእምሮ ሕክምና ላይ ጎልቶ በነበረበት ዘመን ይህ ቀላል አስተዋጽኦ አልነበረም።

ድክመቱ የሚመነጨው ከመድኃኒቱ አሠራር ወደ በሽታው መንስኤ ከሚደረገው ዝላይ ነው። ፉሮሴማይድ የልብ ድካም ያለበትን ታካሚ እብጠት የሚቀንሰው በኩላሊት ላይ ሠርቶ ነው፤ በዚህ ምክንያት ግን የሕመሙ መነሻ ኩላሊት ነው የሚል ሐኪም የለም። የሬዘርፒን ማስረጃም ቢሆን አንድ ወጥ አልነበረም፤ ዴቪስና ሼፐርድ እ.ኤ.አ. በ1955 በ«ላንሴት» ያሳተሙት ሙከራ መድኃኒቱ ጭንቀትና ድብርት የነበረባቸውን ሕሙማን እንደጠቀመ አመልክቷል። ከዚህም በላይ ፀረ ድብርት መድኃኒቶች በኖርኤፒነፍሪን ላይ የሚያሳድሩት ተጽዕኖ በሰዓታት ውስጥ ሲጀምር፣ የታካሚው መሻሻል በአብዛኛው ሳምንታትን ይጠይቃል። የንጥረ ነገር ማነስ ብቻውን ይህን ልዩነት ሊያስረዳ አይችልም።

በዚህ ረገድ ለደራሲው ፍትሕ መስጠት ያሻል። ሺልድክራውት ማስረጃው በአብዛኛው ተዘዋዋሪ እንደሆነ፣ መላ ምቱም ውስብስብ የሆነን ሁኔታ ከልክ በላይ የሚያቃልል ሊሆን እንደሚችል በዚያው ጽሑፍ አስገንዝበዋል። ጥንቃቄው የጠፋው በኋለኞቹ እጅ ነው። በተለይም ፍሉኦክሴቲን እ.ኤ.አ. በ1987 በአሜሪካ ከተፈቀደ በኋላ የኖርኤፒነፍሪን ቦታ በሴሮቶኒን ተተክቶ፣ «ሊሆን ይችላል» የተባለው «ነው» ተብሎ ለሕዝብ ተነገረ። እ.ኤ.አ. በ2022 ጆአና ሞንክሪፍና ባልደረቦቻቸው ያሳተሙት ሰፊ ግምገማ ግን ድብርት ከሴሮቶኒን ማነስ የሚመጣ ለመሆኑ ወጥ የሆነ ማስረጃ አላገኘም።

ይህ ማለት መድኃኒቶቹ አይሠሩም ማለት አይደለም። አንድሪያ ቺፕሪያኒና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2018 ባሳተሙት፣ 522 ሙከራዎችንና 116,477 ተሳታፊዎችን በያዘው ትንተና የተመዘኑት 21 መድኃኒቶች ሁሉ በአዋቂዎች የድብርት ሕመም ከማስመሰያ መድኃኒት የተሻለ ውጤት አሳይተዋል፤ ብልጫቸው በአማካይ መጠነኛ ቢሆንም። የመድኃኒት ጥቅምና የበሽታ መንስኤ የተለያዩ ጥያቄዎች ናቸው።

ጉዳዩ የቃላት ክርክር ብቻ አይደለም። ኬሚካል እንደጎደለውና ክኒኑ እንደሚሞላለት የተነገረው ታካሚ አሚትሪፕቲሊንን በጀመረ በአምስተኛው ቀን ለውጥ ሲያጣ ሊያቋርጠው ይችላል፤ ሲሻለውም «ሞልቷል» ብሎ ሊተወው ይችላል። የጎደለውን በደም ምርመራ እንዲለኩለት ቢጠይቅ ለዚህ የሚያገለግል ምርመራ የለም። ባለሙያውም በዚያች አጭር መልስ ረክቶ ስለ ሐዘኑ፣ ስለ መጠጡ፣ ስለ እንቅርት ዕጢው፣ ከሁሉም በላይ ራሱን የማጥፋት ሐሳብ ስለ መኖሩ ሳይጠይቅ ሊያሰናብተው ይችላል። መድኃኒቱ ብዙዎችን እንደሚረዳ፣ ሳምንታት እንደሚወስድ፣ ያለ ሐኪም ምክር መቋረጥ እንደሌለበት፣ የሕመሙ መንስኤም ከአንድ በላይ መሆኑን መንገር ጊዜ የሚወስደው ጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው። ሺልድክራውት በ1965 ለአንባቢዎቻቸው ያልነፈጉትን ጥንቃቄ ታካሚውም ሊነፈግ አይገባም።