የሰከንድ ሽራፊ በካራማራ ሰማይ

ከሐረር ወደ ጅግጅጋ የሚወስደው መንገድ የካራማራን በር ሲያልፍ አገሩ በአንዴ ይከፈታል። ተራራው ከኋላ ይቀራል፣ ከፊት የሚታየው ሜዳና ሰማይ ብቻ ነው። እዚያ በቆምኩ ቁጥር አይቼው ስለማላውቀው አንድ ፎቶግራፍ አስባለሁ። በ1970 ዓ.ም የካቲት ወር፣ ከሶማሊያ ጋር በነበረው ጦርነት፣ ወታደርና ቀላል ተሽከርካሪ የጫኑ ሚ-6 ሄሊኮፕተሮች ይህን ተራራ ተሻግረው ከሶማሊያ ጦር ጀርባ አራግፈው ነበር። የካቲት 26 ጅግጅጋ ነፃ ወጣች። ጦርነቱ በምድሩና በሰዉ ላይ ያደረሰውን ሳልረሳ፣ ያ ግዙፍ ብረት በዚህ ሰማይ ሲያልፍ በደንብ የተነሣ ፎቶ ማየት እመኛለሁ። እንዴት ሊነሣ ይችል እንደነበርም ደጋግሜ አስልቻለሁ።

የሚ-6 ዋና ሮተር ከጫፍ እስከ ጫፍ 35 ሜትር ነው። አምስት ምላጮች አሉት፣ በደቂቃ የሚዞረው ደግሞ 120 ጊዜ ያህል ብቻ ነው። ቸኩሎ የካሜራውን ሹተር 1/1000 ሰከንድ ላይ ያደረገ ሰው ምላጮቹን አንድ በአንድ ቆጥሮ ማሳየት ይችላል፤ ሄሊኮፕተሩ ግን ሞተሩ ጠፍቶ በክር የተንጠለጠለ ይመስላል። ጥርት ያለ፣ ግን ሕይወት የሌለው ፎቶ ይሆናል። አንዱ ምላጭ የሌላውን ቦታ ደርሶ ክቡ እንዲሞላ የሰከንድ አሥረኛ ያስፈልጋል። በዚያን ያህል ጊዜ ውስጥ ደግሞ የሰው እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ሄሊኮፕተሩም ቦታውን ለቆ ይሄዳል። ስለዚህ ፎቶ አንሺው እግሩን ተክሎ፣ ክርኑን ከጎኑ አጣብቆ፣ ከወገቡ እየዞረ ካሜራውን ከሄሊኮፕተሩ ጋር እኩል መንዳት አለበት። ከተሳካለት ገላው ጥርት ይላል፣ ሮተሩ ጥላ ይሆናል፣ ከበስተጀርባ ያለው የካራማራ ቋጥኝ በአግድም ይሰመራል። ከመቶ ፎቶ አንዱ ቢሳካ ትልቅ ነገር ነው። እኔ ሙያ የምለው ይህን ነው።

የኢትዮጵያ አየር ኃይል ምሥረታ በዓል በቢሾፍቱ ሲከበር አውሮፕላኖቹን በአንድ ቀን ጎን ለጎን ማየት ይቻላል። በጥር 2016 ዓ.ም 88ኛ ዓመቱ ሲከበር ሱ-30 ተዋጊ ጄት ለሕዝብ ታይቷል። እንዲህ ባለ ቀን ተመልካቹ ሁሉ ጄቱን ይጠብቃል። ጄት ግን ለካሜራ ከሁሉም ይቀላል፤ ከውጭ የሚሽከረከር ነገር ስለሌለው 1/1000 ሰከንድ አይጎዳውም። ፈተናው የጭነት አውሮፕላኑ ሲ-130 ነው። ፕሮፔለሩ በደቂቃ 1,020 ጊዜ ይዞራል፣ አራት ምላጮች አሉት። በ1/1000 ሰከንድ ስድስት ዲግሪ ብቻ ስለሚሄድ የቆመ ይመስላል። በ1/125 የክፍተቱን ግማሽ ይሸፍናል፤ በ1/60 ክቡ ይሞላል። ጥሩ ፎቶ አንሺ ይህን በቃሉ ያውቀዋል፣ አውሮፕላኑ በተለወጠ ቁጥር አውራ ጣቱ ሳያይ ቁጥሩን ይቀይራል።

ብርሃኑም ሌላ ጣጣ ነው። ትርኢቱ ረፋድ ላይ ተጀምሮ እኩለ ቀን ይደርሳል፣ ፀሐይ አናት ላይ ስትወጣ የአውሮፕላኑ ሆድ ይጠቁራል። ከአስፋልቱ የሚነሣው ትኩስ አየር ደግሞ የሩቁን ምስል ያንቀጠቅጠዋል፤ ሌንሱ የቱንም ያህል ውድ ቢሆን አያድነውም። መፍትሔው ትዕግሥት ነው፦ አብራሪው ዘንበል ብሎ ሲታጠፍ የአውሮፕላኑ ጀርባ ለፀሐይ ይሰጣል፣ ያን ጊዜ ላሜራው ሁሉ ይነበባል። በሱ-27 ላይ በአብራሪው ቀኝ፣ ከመድፉ አፍ ዙሪያ ያለ ቀለም የተተወ የብረት ሰሌዳ አለ፤ ተኩሱ ቀለም ስለሚያቃጥል ነው። ሞተሮቹ ዙሪያም ብረቱ እርቃኑን ነው፣ ከሙቀቱ የተነሣ መልኩ ከቦታ ቦታ ይለያያል። ይህን ያወጣ ፎቶ መሐንዲሱ ያሰበውን ያሳየኛል፤ ጭስና እሳት ብቻ ያሳየኝን ፎቶ ግን ቶሎ እረሳዋለሁ።

ከሁሉም በላይ የምወደው ኤፍ-5ኢ ነው። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም ከሶማሊያ ሚግ-21ዎች ጋር በምሥራቁ ሰማይ የተዋጋው እሱ ነበር። አብራሪው ብርጋዴር ጄኔራል ለገሠ ተፈራ ሚጎችን የጣሉት በእሱ ነው፤ ኋላም እሳቸው ተመትተው ተማረኩና 11 ዓመት ያህል በእስር ቆዩ። ኤፍ-5 ትንሽ ነው፣ ክንፉ ከጫፍ እስከ ጫፍ 8 ሜትር ትንሽ አልፎ ያልቃል። ክንፉ ከገላው በሚጋጠምበት ቦታ ወገቡ ገባ ይላል። ለጌጥ አይደለም፤ ወደ ድምፅ ፍጥነት ሲጠጋ አየሩ ክንፉ ጋ በድንገት እንዳይጨናነቅ፣ ክንፉ የጨመረውን ገላው ይቀንሳል። ይህን ወገብ ፊት ለፊት የመጣ ብርሃን ይደመስሰዋል። ከጎን የመጣ የጠዋት ብርሃን ግን እንደ እንስራ አንገት ያወጣዋል። አንድ ቀጭን የጥላ መስመር ብቻ ናት፣ ግን አውሮፕላኑ ለምን እንደዚያ እንደተሠራ ትናገራለች።

ወደ ጅግጅጋ በመንገደኛ አውሮፕላን የሚሄድ ሰው ይህን ሁሉ በመስኮቱ ሊሞክር ይችላል። ዳሽ 8 ኪው400 ክንፉ ከመስኮቱ በላይ ስለሆነ ምድሩን አይጋርድም፣ ስድስት ምላጮች ያሉት ፕሮፔለር ከመቀመጫው ፊት ይዞራል። በስልክ ካነሡት ምላጮቹ እንደ ማጭድ ተጣመው ይወጣሉ፤ የስልኩ ካሜራ ምስሉን በአንዴ ሳይሆን መስመር በመስመር ስለሚያነብ ነው። በደህና ካሜራ በ1/1000 ሲነሣ ስድስት ጥቁር ዘንጎች ሜዳውን ይቆራርጡታል። ባለፈው ጊዜ ወደ 1/60 ዝቅ አደረግሁ፣ ትንፋሼን ያዝኩና ጠበቅሁ። ፕሮፔለሩ እንደ ስስ ሻሽ ሆነ፣ በመሃሉም ካራማራ ከነሸንተረሩ ታየኝ።