ስሙን ሰርዙና አንብቡት

ስለ ስምጥ ሸለቆ ከተሞቻችን የተጻፈ ነገር ካገኘሁ ሳላነብ አላልፍም። የበዓል መጽሔት ይሁን የጋዜጣ መጣጥፍ ወይም የጉዞ ማስታወሻ፣ የአብዛኛው መልክ አንድ ነው፦ አዳማ ምቹ የአየር ንብረት፣ እንግዳ ተቀባይ ሕዝብና ፈጣን እድገት ያላት ውብ ከተማ ናት። መልካም። እስቲ አሁን “አዳማ” የሚለውን ሰርዙና “ሻሸመኔ” ብላችሁ አንብቡት። ምንም አልጎደለም። “መቂ” በሉት፣ “ሞጆ” በሉት፣ “ባቱ” በሉት፤ አሁንም ይሄዳል። ለሁሉም ልክ የሆነ ቀሚስ ለማንም አልተሰፋም ማለት ነው።

ሥነ ጽሑፍ በማስተምርበት ዘመን ይህን ፈተና ለተማሪ ድርሰት እጠቀምበት ነበር። “ዝርዝር ይጎድለዋል፣ ጨምርበት” ስትሉት ግን ሌላ ጣጣ ይመጣል። ከባሕር ወለል በላይ ስንት ሜትር፣ ስንት ቀበሌ፣ ስንት ባንክ፣ ስንት ሆቴል፤ መደርደር ነው። ቁጥሩ በዛ እንጂ ከተማዋ አሁንም አትታይም። ዝርዝር የጽሑፍ ጌጥ፣ ማሟሟቂያ የሚመስለን ብዙዎች ነን። አይደለም። ዝርዝር የተባለውን ነገር ተሸክሞ የሚቆም ምሰሶ ነው። የማይሸከም ከሆነ የተጋደመ ግንድ ነው፣ መንገድ ይዘጋል።

ይህንን አያቶቻችን ያውቁት ነበር። ጎበዝ አልቃሽ ለቅሶ ቤት ስትደርስ “ደግ ሰው ነበር” ብላ አትጀምርም፤ ደግ ያልሆነ ሟች የት አለ? ቀረብ ብላ የቤተሰቡን ሰው ትጠይቃለች። ምን ይወድ ነበር? ማንን አሳደገ? በቅሎው ምን ዓይነት ነበረች? ከዚያ ከሰማችው ውስጥ አንዱን መርጣ ስታወጣው ለቀስተኛው በአንዴ ይነፋረቃል። መርጣ ነው ያልኩት፤ የሰማችውን ሁሉ አትደረድርም። ሀዲስ ዓለማየሁም በ1958 ዓ.ም. በታተመው “ፍቅር እስከ መቃብር” ፊታውራሪ መሸሻን “ጨካኝ ባላባት” ብለው አላለፏቸውም። ከባላገሩ ጋር በምን እንደተጣሉ፣ ባላገሩም እንዴት እንደ ደፈራቸው አሳዩን፤ ፍርዱን የሰጠነው እኛ አንባቢዎቹ ነን።

አሁን ወደ ስምጥ ሸለቆ ልመለስ። ስለ አካባቢው ከሚጻፉት ውስጥ “የንጹሕ መጠጥ ውሃ ችግር አለ” የማይል የለም። ይህም ለየትኛውም ከተማ ይሆናል። ጸሐፊው ግን ቀና ብሎ ሰዎቹን ቢያይ፣ ወንጂም ይሁን መቂ፣ ሲስቅ አፉን በእጁ የሚሸፍን ወጣት ያገኛል። ጥርሱ ቡናማ ነው። ይህ ዝርዝር ነው፤ ግን ብቻውን ከተተወ ይጎዳል። የማያውቅ አንባቢ “ጫት ነው፣ ሲጋራ ነው፣ አይፍቅም እንዴ!” ይላል። ስለዚህ ጸሐፊው አንድ እርምጃ መቀጠል አለበት። የእሳተ ገሞራው ዐለት ፍሎራይድ አለበት፤ የጉድጓዱ ውሃ ያንን እያሟሟ ይወጣል። የዓለም ጤና ድርጅት ያስቀመጠው ጣሪያ በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ሲሆን፣ በሸለቆው ውስጥ የዚያ እጥፍ ድርብ የሚገኝባቸው ጉድጓዶች አሉ። ጥርሱ የተበላሸው ዛሬ አይደለም፤ በልጅነቱ፣ ቋሚ ጥርሱ ገና ድድ ውስጥ ሲሠራ ነው። እናቱ ለልጄ ብላ ውሃውን ብታፈላውም አይጠፋም፤ ውሃው በተነነ መጠን እንዲያውም ይበረታል።

ነገሩ ጥርስ ላይም አይቆምም። ውሃውን ለብዙ ዓመት የጠጣ ሰው አጥንቱም ይያዛል፤ አንገቱና ወገቡ ይደርቃል። ዶክተር ረዳ ተክለሃይማኖትና የሥራ ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1987 ስለ ስምጥ ሸለቆው ፍሎሮሲስ ጥናት አሳትመዋል። የወንጂ ስኳር ፋብሪካ ማምረት የጀመረው በ1946 ዓ.ም. ነው። በከተሞቹ መጽሔቶች ላይ የዚያ ስኳር ጣፋጭነት ስንት ጊዜ ተጻፈ! ሸንኮራውን ሲቆርጡ የኖሩት ሰዎች አጥንት ግን በሐኪሞች መጽሔት ብቻ ቀረ።

“ታዲያ ይሄ የአጻጻፍ ጉዳይ ነው ወይ?” የሚለኝ አይጠፋም። አዎ፣ ነው። የጥቅል ጥያቄ መልሱም ጥቅል ነው። “የውሃ ችግር አለ” ብላችሁ ብትጽፉ፣ “ችግሩን ለመቅረፍ ጥረት እየተደረገ ነው” የሚል መልስ ይመጣላችኋል፤ ሁለታችሁም ልክ ናችሁ፣ ሁለታችሁም ምንም አላላችሁም። “ከዚህ ትምህርት ቤት ግቢ ያለው ጉድጓድ በሊትር ስንት ሚሊ ግራም አለው? ማን ለካው? መቼ?” ተብሎ ሲጻፍ ግን በጥረት መመለስ አይቻልም። ቁጥር ወይ አለ፣ ወይ የለም። የድሮ ተሟጋች ዳኛ ፊት ቆሞ ቦታውን፣ ቀኑንና ምስክሩን የሚጠራው ለማሳመር አልነበረም፤ ባላንጣው መሸሻ እንዳያገኝ ነው።

ስለዚህ የሚቀጥለውን የከተማ መጽሔት የምታዘጋጁ ወዳጆቼ፣ “ውብ” የሚለውን አልከለክላችሁም። አዳማ በርግጥም ታምራለች። ግን ከ“ውብ” በፊት አንድ መስመር ጨምሩልን፦ የምትጠጣው ውሃ ከየት ይመጣል፣ ምንስ አለበት? ከዚያ ስሟን ሰርዛችሁ ሌላ ከተማ ለማስገባት ሞክሩ። እንቢ ካለ፣ ያኔ ጽፋችኋል።