ወዳጅ ያወረሰው ልብ ወለድ

«ጉዱ ካሳ ጋ ስትደርስ ደውልልኝ» ብሎ መጽሐፍ የሚያውስ ወዳጅ ብርቅ ነው። ወዳጁ በሕይወት ሳለ ሥራ ይበዛል፣ ንባቡም ይዘገያል። ወዳጁ ሞቶ ከሰልስቱ በኋላ መጽሐፉን ከመደርደሪያ አውርዶ የሚጀምር ሰው ግን ለወዳጁ ትልቅ ክብር ይሰጣል።

ጉዱ ካሳ የተባለው ገጸ ባሕርይ የሚገኝበት፣ በ1958 ዓ.ም. የታተመው የሐዲስ ዓለማየሁ ልብ ወለድ «ፍቅር እስከ መቃብር» ለዚህ ዓይነቱ ንባብ የተመቸ ነው። ከ500 ገጽ በላይ ስለሆነ ጊዜ ይጠይቃል። ማንኩሳ ላይ በቦጋለ መብራቱና በውድነሽ በጣሙ ትዳር ይጀምራል፤ የስለት ልጃቸው በዛብህ ዲማ ወርዶ ቅኔ ይማራል፣ ከዚያም የፊታውራሪ መሸሻን ልጅ ሰብለ ወንጌልን ሊያስተምር ገብቶ በፍቅሯ ይወድቃል።

ብዙዎች ታሪኩን ከወጋየሁ ንጋቱ የሬዲዮ ትረካ ያውቁታል። ገጹ ላይ ግን አንባቢው እንደ ልቡ ይቆማል። ጉዱ ካሳ የባላባቱን ሥርዓት ሲሞግትና አገሬው እንደ እብድ ሲቆጥረው፣ ሟቹ በእርሳስ ያሰመረበት መስመር ይገኛል። ምን እንዳስደሰተው፣ ምን እንዳንገበገበው እዚያው ይታያል።

ፎቶግራፍ ይህን አያሳይም።

ወዳጁ የነገረውን መጽሐፍ ያላነበበ ካለ ዛሬ ይጀምር፤ ሲጨርስም ለሌላ ወዳጅ ያውስ።