በር ሳይከፍቱ ከሩቅ ማየት

ባለቤቱ ዋሽንግተን ሆኖ አዲስ አበባ ያለ ግቢውን በስልኩ እንዲያይ የካሜራ መቅጃውን የሚያገናኝ ጎበዝ ቴክኒሺያን ገና ኬብል ሲያስር ይለያል። ስምንቱን ሽቦዎች በተራ ይደረድራል፦ ነጭ-ብርቱካናማ፣ ብርቱካናማ፣ ነጭ-አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ነጭ-ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ነጭ-ቡናማ፣ ቡናማ። ጥምዝ ጥንዶቹን ከ13 ሚሊ ሜትር በላይ አይፈታም፤ አንዱ ጥንድ ሌላውን እንዳይረብሽ የሚጠብቀው ጥምዘዛው ነውና። የውጭው ሽፋን ማገናኛው ውስጥ ገብቶ ይቆለፋል። ኬብሉ ቢሳብ ጉልበቱን የሚችለው ሽፋኑ ነው፤ ቀጫጭኖቹ መዳቦች አይነኩም።

ከዚያ አድራሻ። ራውተሩ ከ192.168.1.100 ጀምሮ የሚያድል ከሆነ መቅጃው ከዕደላው ውጭ፣ 192.168.1.20 ላይ በቋሚነት ይቀመጣል። መብራት ሄዶ ሲመጣ መቅጃው እዚያው ይገኛል። መብራት በሚመላለስበት ሰፈር ይህች አንድ መስመር ከማንኛውም ውድ ካሜራ ትበልጥብኛለች።

የመቅጃው ሰዓት ከግሪንዊች በ3 ሰዓት እንዲቀድም ይሞላል። ሰዓትን በየወቅቱ የሚያዛውረው ማስተካከያ ይጠፋል፤ የዋሽንግተን ሰዓት በዓመት ሁለቴ ይለወጣል፣ የእኛ አይለወጥም። ልዩነቱ አንዴ 7፣ አንዴ 8 ሰዓት ስለሚሆን ቀረጻ የሚፈለገው በመቅጃው ሰዓት ነው።

ጥበቡ በደንብ የሚታየው መግቢያው ላይ ነው። ብዙዎች ራውተሩ ላይ ፖርት 80ን፣ 554ንና 8000ን ከፍተው ይሄዳሉ። ምስሉ ይመጣል፤ የመቅጃው መግቢያ ገጽ ግን ለዓለም ሁሉ ይታያል። በ2016 ሚራይ የተባለው ጥቃት የፋብሪካ ይለፍ ቃላቸው ያልተለወጠ ካሜራዎችንና መቅጃዎችን የማረከው በእንዲህ ዓይነት ክፍተት ነበር። ጎበዙ ባለሙያ ሦስቱንም ይዘጋና ዋየርጋርድ የተባለውን የተመሰጠረ መተላለፊያ ይተክላል። ለቤቱ አንድ ቁልፍ፣ ለስልኩ ሌላ፤ እያንዳንዱ 44 ፊደልና ምልክት። ቁልፍ የሌለው ሰው ቢያንኳኳ መልስ አያገኝም፤ እዚያ አንድ ነገር መኖሩን እንኳ አያውቅም።

የራውተሩ የውጭ አድራሻ ከ100.64 እስከ 100.127 ባለው ከጀመረ ያ አድራሻ የቤቱ ብቻ አይደለም። የኢንተርኔት አቅራቢው አንዱን የውጭ አድራሻ ለብዙ ደንበኞች አካፍሏል፤ ፖርት ቢከፈትም ከውጭ የሚገባ የለም። ያኔ መስመሩ ይገለበጣል። ቤቱ ራሱ ወደ አንድ የኪራይ ሰርቨር ይደውላል፤ በየ25 ሴኮንዱ ትንሽ ምልክት እየላከ መንገዱ እንዳይዘጋ ያደርጋል። ስልኩም እዚያው ሰርቨር ላይ ያገኘዋል። ወደ ስልክ የሚሄደው ቀጭኑ፣ 640 በ360 የሆነው ምስል ነው፤ ሙሉው ጥራት ዲስኩ ላይ ይቀራል።

ሥራውን ሲረከቡ የስልክዎን ዋይፋይ አጥፍተው በሞባይል ዳታ ይሞክሩት። በቤቱ ዋይፋይ ከሆነ ያልተገናኘውም የተገናኘ ይመስላል።